ከምንጩ እስከ መዝገቡ፦ ኦፕን ሶርስ መሣሪያዎችን በማቀናጀት የምርምር መረጃን መያዝ

መግቢያ

በአንድ የመስክ ማስታወሻ ደብተር ላይ «ናይትሬት 15» የሚል ጽሑፍ አገኘን እንበል። የደብተሩ ባለቤት የመመረቂያ ጥናቷን የምታካሂድ የባዮሎጂ ተማሪ ስትሆን፣ ቁጥሩ የተገኘው የአንድ መንደር ነዋሪዎች ከሚቀዱበት ምንጭ ከተወሰደ የውኃ ናሙና ነው። ልኬቱ በትክክል ተከናውኗል፤ ቁጥሩም በትክክል ተጽፏል። ይሁን እንጂ ይህንን ደብተር ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው «ውኃው ለሕፃናት ይስማማል ወይስ አይስማማም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በውኃ ውስጥ ያለ ናይትሬት በሁለት መንገድ ይገለጻል። አንደኛው የናይትሬት አዮንን ሙሉ ክብደት የሚቆጥር ሲሆን፣ ሁለተኛው በአዮኑ ውስጥ የሚገኘውን የናይትሮጅን ክብደት ብቻ የሚቆጥር ነው። የናይትሮጅን አቶማዊ ክብደት 14፣ የሦስቱ ኦክሲጅን አቶሞች ክብደት ደግሞ በድምሩ 48 በመሆኑ የአዮኑ ክብደት 62 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን አገላለጽ ወደ አንደኛው ለመለወጥ ቁጥሩን በ62/14፣ ማለትም በ4.43 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ባወጣው መመሪያ መሠረት የናይትሬት መጠን፣ በአዮን ሲገለጽ፣ በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። እንግዲህ የተማሪዋ «15» በአዮን የተገለጸ ከሆነ ከወሰኑ እጅግ ያነሰ ነው። በናይትሮጅን የተገለጸ ከሆነ ግን 66 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆንና ወሰኑን ያልፋል። ናይትሬት የበዛበት ውኃ በጡጦ ለሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናት ሲሰጥ ደማቸው ኦክሲጅን የመሸከም ችሎታውን ሊቀንስባቸው ይችላል። ውኃውን ማፍላትም ናይትሬቱን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ናይትሬት እየበዛበት ይሄዳል።

አንድ የጎደለ ቃል ይህን ያህል ልዩነት የሚያስከትል ከሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን የያዘ ጥናት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም። በዚህ ጽሑፍ የምርምር መረጃ ከተሰበሰበበት ሥፍራ ተነሥቶ በመዝገብ እስከሚቀመጥ ድረስ በየደረጃው የሚያገለግሉ ኦፕን ሶርስ መሣሪያዎችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚገጣጠሙበትን መንገድ እንመለከታለን። ለማስረጃነት የምንከተለው የዚህችኑ ተማሪ ጥናት ነው። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ኦፕን ሶርስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ይህ ጽሑፍ የፕሮግራሙ ምንጭ ወይም «ሶርስ ኮድ» ይባላል። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህ ጽሑፋቸው ለማንም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው በፈቃድ የተረጋገጠላቸው ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ለምርምር የሚመረጥበት ምክንያት በነጻ መገኘቱ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሳይንስ የሥራው መንገድ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ አንድ ፕሮግራም አማካዩን ወይም ዝምድናውን እንዴት እንዳሰላ ሊታይ የማይችል ከሆነ ውጤቱን መመርመር የሚቻለው በከፊል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች በአብዛኛው መረጃን የሚያስቀምጡት አሠራሩ በግልጽ በታወቀ የፋይል ዓይነት በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ ከገበያ ቢጠፋ እንኳ መረጃው አብሮት አይጠፋም። ሦስተኛ፣ አንድ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ከወጣ በኋላም የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

ሆኖም ነጻ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለመማር ጊዜን፣ ለመጠገን ሰውን፣ ለማስቀመጥም ቦታን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አንድ ፕሮግራም ሁሉንም ሥራ ከሚያከናውንበት ሁኔታ በተለየ፣ እዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድን ሥራ ብቻ ስለሚሠራ፣ መሣሪያዎቹን የማገጣጠሙ ኃላፊነት የተመራማሪው ይሆናል።

ስህተት የሚደበቀው በመጋጠሚያው ላይ ነው

አናጺ የሠራው ጠረጴዛ ሲወዛወዝ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በእንጨቱ ላይ ሳይሆን እግሩና ገበታው በተጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። በመረጃ አያያዝም እንዲሁ ነው። ይህንንም የሚያረጋግጡ ሦስት የታወቁ ክስተቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 የደረሰው ነው። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላካት «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» የተባለች መንኩራኩር በዚያ ዕለት ወደ ፕላኔቷ ስትቃረብ ጠፋች። በተደረገው ምርመራ እንደታወቀው፣ በምድር ላይ ያለው አንዱ ፕሮግራም የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ፣ ማለትም በፓውንድ ኃይል ሴኮንድ ሲያወጣ፣ ቁጥሩን የተቀበለው ሌላው ፕሮግራም ግን በኒውተን ሴኮንድ የተሰጠው አድርጎ ያሰላ ነበር። ሁለቱም ፕሮግራሞች በየራሳቸው ሠርተዋል፤ ያልተስማሙት በመገናኛቸው ላይ ነው።

ሁለተኛው ከሥነ ሕይወት የተወሰደ ነው። «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። እነዚህ ስሞች በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገቡ ፕሮግራሙ የወር ስሞች መስለውት ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በታወቁ የጂኖም መጽሔቶች ላይ የጂን ዝርዝርን በኤክሴል ፋይል አያይዘው ከወጡት ጽሑፎች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ ይህን የመሰለ ስህተት ነበረባቸው። በመጨረሻም የሰው ጂኖችን ስያሜ የሚወስነው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ስለ ለውጡ ያስታወቀ ሲሆን፣ ጂኖቹ «ሴፕቲን2» እና «ማርችኤፍ1» ተብለው ተሰይመዋል። የሠንጠረዥ ፕሮግራም የሳይንስ ስያሜን አስቀየረ ማለት ነው።

ሦስተኛው በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በእንግሊዝ አገር የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ገደማ ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው ውጤት ወደ ማዕከሉ ሲተላለፍ በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። ይህ የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፎች በላይ ሊይዝ ስለማይችል ትርፉ ያለ ማስጠንቀቂያ ተቆረጠ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ባሉት ቀናት 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ሳይቆጠሩ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙ ሰዎችን የማፈላለጉ ሥራም ዘገየ።

በሦስቱም ክስተቶች ላይ አንድ የጋራ ባሕርይ ይታያል። ስህተቱ የደረሰው መረጃው ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ ሲሆን፣ በሚሻገርበት ጊዜም ማንም ድምፅ አላሰማም።

መሣሪያዎቹ በየደረጃው

ሀ. መሰብሰብ። በመስክ ላይ ለሚደረግ መረጃ አሰባሰብ በሰፊው የሚያገለግለው «ኦዲኬ» የተባለው መሣሪያ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪው ጥያቄዎቹን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያዘጋጅና ወደ ስማርት ስልክ ይጭናል፤ ስልኩ ኔትወርክ በሌለበት ሥፍራ ቅጹን ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሰርቨር ይልካል። ለእያንዳንዱ የተሞላ ቅጽ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን ስህተትን በቦታው ማገዱ ነው። ለምሳሌ ያህል የውኃው ፒኤች ከ0 እስከ 14 ባለው ውስጥ መሆን አለበት ብለን ብናዝ፣ 7.2 ለማለት 72 የጻፈ ሰው ገና ምንጩ አጠገብ ሳለ እንዲያርም ይገደዳል። በቤተ ሙከራ ተቀምጦ ከሦስት ወር በኋላ ቢደርስበት ኖሮ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም።

ለ. ማጽዳት። የተሰበሰበው መረጃ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት የአጻጻፍ ልዩነት አይጠፋውም። ለዚህ «ኦፕን ሪፋይን» የተባለው መሣሪያ ያገለግላል። ይህ ፕሮግራም በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ በመሆኑ መረጃው ወደ ውጭ አይወጣም። ተመሳሳይ የሚመስሉ ስሞችን በአንድነት ሰብስቦ ያሳያል፤ አንድ ናቸው ብሎ የሚወስነው ግን ሰው ነው። እያንዳንዱን ማስተካከያ በቅደም ተከተል ስለሚመዘግብም፣ የተደረገውን መሻር ወይም ያንኑ ቅደም ተከተል በሌላ ፋይል ላይ እንደገና መፈጸም ይቻላል።

ሐ. ማስቀመጥ። የጸዳው መረጃ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል። ለተማሪ ጥናት የሚበቃው «ኤስኪውላይት» ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ይህ ፕሮግራም ሰርቨር አያስፈልገውም፤ መላው የመረጃ ቋት አንድ ፋይል ብቻ ነው። የእኛ ተማሪ ሦስት ሠንጠረዦችን ታዘጋጃለች፤ አንደኛው ስለ ምንጮቹ፣ ሁለተኛው ስለ ናሙናዎቹ፣ ሦስተኛው ስለ ልኬቶቹ ነው። የምንጩ ስም በየናሙናው ላይ ከመደጋገም ይልቅ የምንጩ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን ያስፈልጋል። ኤስኪውላይት በተለምዶ አሠራሩ ቁጥር በሚጠበቅበት ዓምድ ውስጥ ቃል ቢገባ አይከለክልም፤ በሠንጠረዦች መካከል ያለውን የመለያ ቁጥር ትስስርም ካልታዘዘ በስተቀር አይቆጣጠርም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ጥብቅ እንዲሆን፣ የትስስሩ ቁጥጥርም እንዲበራ ማዘዝ የተጠቃሚው ድርሻ ነው።

መ. መተንተን። ለስታቲስቲክስ «አር» የተባለው ቋንቋ በብዛት ያገለግላል። ይህንን ቋንቋ የጀመሩት በኒው ዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። «ፓይተን» የተባለውም ቋንቋ ለዚሁ ተግባር ይመረጣል። ሁለቱም ኤስኪውላይትን በቀጥታ ማንበብ ስለሚችሉ መረጃውን በእጅ መገልበጥ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ትንተናው በመዳፊት ጠቅታ ሳይሆን በተጻፈ ትእዛዝ መከናወኑ ነው፤ የተጻፈ ትእዛዝ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ይደገማል።

ሠ. ታሪኩን መያዝ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች በኮምፒዩተሩ ያልተከማቹበት ተማሪ ጥቂት ነው። ይህን ችግር የሚያስወግደው «ጊት» የተባለው መሣሪያ ነው። የሊነክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ ፕሮግራም ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ ለምን እንደለወጠ ይመዘግባል። በጊት ውስጥ የሚገቡት የትእዛዝ ጽሑፎች፣ የቅጹ ሠንጠረዥና የመረጃው መግለጫ ናቸው። ግዙፍ ፋይሎችና ፎቶግራፎች ግን ለእርሱ አይስማሙም።

ረ. ማኖር። ጥናቱ ሲያልቅ መረጃው ሌሎች ሊያገኙት በሚችሉበት መዝገብ መቀመጥ አለበት። «ዜኖዶ» የተባለው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ መረጃ ቋሚ የመጥቀሻ ቁጥር ይሰጣል። ተቋማት በራሳቸው ሰርቨር ላይ ሊተክሉት የሚችሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውሌት ፓካርድ ትብብር የወጣው «ዲስፔስ» ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያኖረው በዚህ ሶፍትዌር ነው።

አራቱ ስምምነቶች

ከላይ የተዘረዘሩት መሣሪያዎች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ አገር፣ ስለ እኛ ጥናት ምንም በማያውቁ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ታዲያ በምን ይግባባሉ? መልሱ ተመራማሪው አስቀድሞ በሚወስናቸው አራት ስምምነቶች ነው።

አንደኛው ስምምነት የመረጃ መዝገበ ቃላት ነው። ይህ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ሠንጠረዥ ነው፤ የዓምዱን ስም፣ ትርጉሙን፣ የመለኪያውን አሃድ፣ የተፈቀደውን ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን፣ ልኬቱ በጎደለ ጊዜ ምን እንደሚጻፍ ይዘረዝራል። የእኛ ተማሪ በመዝገበ ቃላቷ ላይ «ናይትሬት፤ በአዮን የተገለጸ፤ ሚሊ ግራም በሊትር» ብላ ብትጽፍ ኖሮ የመግቢያችን ችግር ባልተፈጠረ ነበር። ያልተለካን ነገር 0 ብሎ መጻፍም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው፤ ዜሮ ልኬት ነው፤ ባዶ ግን የልኬት አለመኖር ነው።

ሁለተኛው የቀን ስምምነት ሲሆን፣ ለእኛ አገር ተመራማሪ ከሁሉም የበለጠ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። «05/06/2016» የሚል ቀን ብናገኝ ስንት ትርጉም ይኖረዋል? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 5 ወይም ግንቦት 6 ቀን 2016 ሊሆን ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ ይህም እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2024 ነው። ወይም ወሩ ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2024 ይሆናል። በአንዱ ንባብና በሌላው መካከል ስምንት ዓመት ያህል አለ፤ በጋው ክረምት ይሆናል። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ለማለት «02/13/2016» ብንጽፍ፣ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ምንም ተቃውሞ የአውሮፓውያኑ የካቲት 13 ቀን 2016 ሆኖ ይመዘገባል።

መፍትሔው ለመዝገብ የሚውለውን ቀን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ8601 ቁጥር ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በቅደም ተከተል «2024-02-13» ብሎ መጻፍ ነው። መስክ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን በሚያውቀው አቆጣጠር መሥራት ይገባዋል። ደስ የሚያሰኘው ኦዲኬ በስልኩ ላይ የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ለማሳየት የሚችል መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው «የካቲት 5» ብሎ ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ ቀኑን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለውጦ ያስቀምጣል። ስለ ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» በመዝገብ ላይ «08:00» መሆን አለበት፤ ይህ ካልሆነ ከጠዋቱ የተወሰደው የውኃ ሙቀት ልኬት የሌሊት ይመስላል።

ሦስተኛው የፊደል ስምምነት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ፋይሎች ሁሉ «ዩቲኤፍ 8» በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ እንዲቀመጡ መወሰን ይበቃል። የሚቀረው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ለእኛ «ሐዋሳ» እና «ሀዋሳ» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ደንብ በማጽዳቱ ደረጃ ላይ ብናስገባ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ሆኖም ይህ ደንብ «አዋሳ» የሚለውን የቀድሞ አጠራር ከሌሎቹ ጋር አያገናኘውም። ስለዚህም አራተኛው ስምምነት አስፈላጊ ይሆናል።

አራተኛው የመለያ ቁጥር ስምምነት ነው። ምንጩ፣ ናሙናውና ጠርሙሱ እያንዳንዳቸው ትርጉም የማይቀየርበት፣ የማይደገም ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ስም ይለወጣል፤ መንደር ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራል፤ ቁጥሩ ግን ይኖራል። ቁጥሩ በጠርሙሱ ላይ፣ በስልኩ ቅጽ ላይ፣ በቤተ ሙከራው መዝገብ ላይና በመረጃ ቋቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሲሆን አራቱ ሰነዶች ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ይያያዛሉ።

ሰንሰለቱን ማያያዝ

አራቱ ስምምነቶች ከተደረጉ በኋላ መሣሪያዎቹን በአንድ ሰንሰለት ማያያዝ ቀላል ይሆናል። በመጀመሪያ ከኦዲኬ ሰርቨር የሚመጣው መረጃ «ጥሬ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ማኅደር ይነበባል እንጂ አይነካም፤ ስህተት ቢገኝበት እንኳ የሚታረመው በቀጣዩ ደረጃ በሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ለእያንዳንዱ ጥሬ ፋይል «ሻ 256» በተባለው ስሌት የሚወጣ አኀዛዊ አሻራ ይመዘገባል፤ በፋይሉ ውስጥ አንድ ፊደል ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ስለሚለወጥ መነካቱ ይታወቃል።

ቀጥሎ የማጽጃው ትእዛዝ ጥሬውን አንብቦ ንጹሑን ያወጣል። ሦስተኛው ትእዛዝ ንጹሑን ወደ ኤስኪውላይት ያስገባል። አራተኛው ከመረጃ ቋቱ አንብቦ ሠንጠረዦችንና ሥዕላዊ መግለጫዎችን ይሠራል። በየመሸጋገሪያው ላይ የቁጥጥር ጥያቄ ይኖራል፤ የገባው ረድፍ ብዛት ከወጣው ጋር እኩል ነውን? ከተፈቀደው ወሰን ያለፈ ቁጥር አለን? ባለቤት የሌለው ናሙና አለን? መልሱ የማያረካ ከሆነ ሰንሰለቱ ይቆማል። የእንግሊዙ ማዕከል የገባውንና የወጣውን ረድፍ የሚያመሳክር አንዲት መስመር ቢኖረው ኖሮ ጉድለቱ በዕለቱ በታወቀ ነበር።

እነዚህን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የሚያስኬደው «ሜክ» የተባለው መሣሪያ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ይህ ፕሮግራም የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚወጣ ከተነገረው፣ የተለወጠውን ብቻ መርጦ እንደገና ያሠራል። አንድ አዲስ ናሙና ሲመጣ በአንዲት ትእዛዝ ከጥሬው እስከ መጨረሻው ሥዕል ያለው ሁሉ ይታደሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ እያንዳንዳቸው ትናንሽ የሆኑ መሣሪያዎች ተባብረው አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ቅንጅቱ መሳካቱን በምን እናውቃለን? ፈተናው ቀላል ነው። ከጥሬው መረጃ፣ ከትእዛዝ ጽሑፎቹና ከመዝገበ ቃላቱ በስተቀር ሁሉንም ለባልደረባችን ሳንሰጥ፣ በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ውጤቱን እንዲያወጣ እንጠይቀው። የእርሱ ቁጥር ከእኛ ጋር እኩል ከሆነ ተሳክቷል። «እዚህ ጋ በእጄ ያስተካከልኩት ነገር ነበር» ማለት ከጀመርን ግን አልተሳካም።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

መረጃ ሁሉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን ማለት አይቻልም። የአንድ ምንጭ ሥፍራ ቢገለጽ የሚጎዳ ሰው ላይኖር ይችላል፤ የአንድ ቤተሰብ ጉድጓድ ትክክለኛ ሥፍራ ከሕፃኑ የጤና ሁኔታ ጋር ተያይዞ ቢወጣ ግን የቤተሰቡን ምስጢር ማውጣት ነው። ስለዚህ ስምና ትክክለኛ ሥፍራ በተለየ ፋይል መቀመጥ፣ የሚታተመውም ከእነርሱ የጸዳው ብቻ መሆን አለበት። የመረጃው ባለቤቶች ፈቃድም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

መብራት በሚጠፋበት፣ ስልክም በሚሰረቅበት ሁኔታ ውስጥ መጠባበቂያ ቅጂ የግድ ነው። የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ሥፍራ የሚል ነው። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አልፎ አልፎ ተከፍቶ መነበቡ መረጋገጥ አለበት።

በመጨረሻም መሣሪያ ማብዛት ዕውቀት አይደለም። ሃያ ናሙና ብቻ ላለው ጥናት አንድ ንጹሕ ሠንጠረዥና አንድ ገጽ መዝገበ ቃላት ይበቃሉ። በተቃራኒው ሥራው ሲሰፋ ያው መርሕ አብሮ ይሰፋል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበት «ዲኤችአይኤስ 2» በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ የጤና መረጃ ሥርዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ይቀበላል። ለአንዲት ተማሪ ደብተር አስፈላጊ የሆነው የቀን ስምምነት ለአገር አቀፍ ሥርዓትም አስፈላጊ ሆኖ እናገኘዋለን።

መልመጃ

1. አንደኛው ምንጭ በናይትሮጅን የተገለጸ 9.5፣ ሁለተኛው በአዮን የተገለጸ 40 ሚሊ ግራም በሊትር ናይትሬት አላቸው። የትኛው ይበልጣል?

2. የመስክ ሠራተኛው ያልተለካውን ፒኤች 0 ብሎ ቢሞላ፣ ከ0 እስከ 14 የሚለው ገደብ ይይዘዋልን? ካልያዘው ምን ይደረግ?

3. ያለፈውን ወሰነ ትምህርት የላቦራቶሪ ዘገባችሁን አውጡ። በእርሱ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጡና አሃዱን፣ ቀኑንና የመጣበትን ናሙና ሌላ ሰው ከወረቀቱ ላይ ብቻ ሊያገኝ ይችል እንደሆነ መርምሩ።

የመጀመሪያው መልስ አንደኛው ምንጭ ነው፤ 9.5 በ4.43 ሲባዛ 42 ገደማ ይሆናልና። የሁለተኛው መልስ «አይይዘውም» የሚል ነው። ቅጹ «ተለክቷልን?» የሚል ጥያቄ እንዲያስቀድምና መልሱ «አልተለካም» ሲሆን የፒኤቹ ሥፍራ ባዶ እንዲቀር ማድረግ ይሻላል። ለውኃ ናሙና የሚሆነውን ገደብ ማጥበብም ይቻላል። የሦስተኛው መልስ በእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር ውስጥ ይገኛል።

ማጠቃለያ

ወደ መነሻችን እንመለስ። ተማሪዋ ከምንጩ አጠገብ ቆማ «15» ብላ ስትጽፍ ትርጉሙን ታውቀው ነበር። ዕውቀቱ ግን በደብተሩ ላይ ሳይሆን በእርሷ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከእርሷም ጋር ከመንደሩ ወጣ። እስካሁን ያየናቸው መሣሪያዎችና ስምምነቶች በሙሉ የሚያገለግሉት ለአንድ ዓላማ ነው፤ ይኸውም ተመራማሪው ያወቀው ነገር ቁጥሩን ተከትሎ ወደ መዝገቡ እንዲሻገር ነው። ይህ ሲሆን ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ምንጭ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ መልሱን ከመዝገቡ ያገኘዋል፤ እናቶችም ለልጆቻቸው የሚቀዱት ውኃ ምን እንዳለበት የሚነግራቸው አያጡም።